የአያታችን አንድ ገጽ

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. አያታችን ከጨንቻ አጠገብ ባለችው መንደራቸው አረፉ። እኛ በዚህ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ነን፤ አንዱ ወንድ፣ ሁለቱ ሴቶች። መርዶው የደረሰን ለፈተና ስንዘጋጅ ነበርና ደብተራችንን አጥፈን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን የ37 ኪሎ ሜትር ዳገት ጎሕ ሲቀድ ወጣነው።

የሰው አያት መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። አያታችን ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ በአልጋቸው ላይ ያረፉ ሰው ናቸው። ስለ ኀዘናችን ብቻ ለመጻፍ ቢሆን ኖሮ የክቡራን አንባቢዎቻችንን ጊዜ ባልወሰድን ነበር። ብዕር ያስነሣን በቀብሩ ዕለት የደረሰብን እፍረት ነው። እፍረቱም የሦስታችን ብቻ ሳይሆን በዚህ ግቢ ለሚማረው ለብዙው ወጣት የሚዳረስ ሆኖ ስላገኘነው ለብቻችን ይዘነው መቅረት አልፈለግንም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት አጎታችን ሦስታችንን ወደ ጓሮ ጠሩንና፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ የእማማን የሕይወት ታሪክ ጻፉ፤ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል» አሉን። ወረቀትና እስክሪብቶ ተሰጠን። ከእንሰቱ ሥር ተቀመጥንና፣ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ» ብለን ጀምረን እዚያው ላይ ቆምን። የእናታቸውን ስም ሦስታችንም አናውቅም ነበር። እርስ በርስ ተያየን፤ ማንም አልተነፈሰም። በልቅሶ መካከል ገብቶ «የአያታችን እናት ማን ይባሉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎ ታየን። ስለዚህ መሥመሩን ሰርዘን «ከተከበረ ቤተ ሰብ ተወለዱ» ብለን አለፍነው። የልደታቸውንም ቀን ከመታወቂያቸው ገለበጥን፤ መስከረም 1 ቀን 1935 ዓ.ም. ይላል። በዚያ መንደር ካሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የብዙዎቹ መታወቂያ መስከረም 1 ቀን ተወለዱ እንደሚል እያወቅን እንደ እውነት አድርገን ጻፍነው።

ከዚያ በኋላ ብዕራችን ፈጠነ። ስንት ልጆች እንደ ወለዱ፣ ከልጆቻቸው ማን መምህር፣ ማን ነርስ፣ ማን የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ሆነ፣ ከልጅ ልጆቻቸውም እነማን ዩኒቨርሲቲ እንደ ገቡ አንድ በአንድ ዘረዘርን። በመጨረሻም «ደግ፣ ሃይማኖተኛና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» የሚለውን፣ ለማንኛውም ሟች የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር ጨምረን ዘጋነው። በኋላ ስንቆጥረው ጽሑፉ 22 መሥመር ነበር፤ ከ22ቱ መሥመር 14ቱ ስለ እኛ ነው። የእርሳቸውን የሕይወት ታሪክ ጻፉ ብንባል የራሳችንን የትምህርት ማስረጃ ጽፈን መጣን ማለት ነው። ይሁንና ሲነበብ ሕዝቡ አለቀሰ፤ እኛም «ጎበዞች፣ አሳምራችሁ ጻፋችሁ» ተብለን ተመሰገንን።

ንባቡ እንዳበቃ በመርሐ ግብሩ ያልተያዙ አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። የአያታችን ጎረቤትና የልጅነት ጓደኛ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ወደ አስከሬኑ ቀረቡና በጋሞኛ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። እኛ ሴቻና ሲቀላ በአማርኛ ያደግን የከተማ ልጆች ነንና ግማሹ ሲገባን ግማሹ አመለጠን። ስለዚህ በአጠገባችን የቆመውን የአጎታችንን ልጅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከብት የሚያግደውን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ በሹክሹክታ «ምን አሉ? አሁንስ ምን አሉ?» እያልን መጠየቅ ያዝን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለገዛ አያታቸው ልቅሶ አስተርጓሚ ያዙ ቢባል ማን ያምናል? ግን ሆነ።

አሮጊቷ ያሉት፣ ልጁ እንደ ተረጐመልን፣ ባጭሩ ይህ ነበር። አያታችንን «የእገሊት ልጅ» ብለው በእናታቸው ስም ጠሯቸው፤ የቅድመ አያታችንን ስም ያን ጊዜ ሰማን። ጣሊያን ከአገር በወጣበት ዓመት አያታችን ዳዴ ይሉ እንደ ነበር ተናገሩ። ጣሊያን ድል ሆኖ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነውና ያነበብነው የልደት ቀን በሕዝብ ፊት ሐሰት ሆነ። ባላቸው አዲስ አበባ ሽመና ላይ በነበሩባቸው ዓመታት አያታችን በኩራዝ ብርሃን እየፈተሉ ቤቱን እንዴት እንዳኖሩት አነሡ። አዲስ ጎጆ ለሚወጡት ሁሉ ከጓሯቸው የእንሰት ችግኝ ነቅለው ይሰጡ ስለ ነበር፣ በዚያ ሰፈር ከእርሳቸው ጓሮ ያልወጣ እንሰት ያለው ቤት ጥቂት መሆኑን አስታወሱ። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሊጋደሉ ሲሉ እርጥብ ሣር ይዘው በመካከላቸው ተንበርክከው እንዳበረዷቸው ተናገሩ፤ ከወንድማማቾቹ አንዱ እዚያው ቆመው ያለቅሱ ነበር። በመጨረሻም፣ «ክሬ ሲበጠስ ከእንግዲህ ማን ይቀጥልልኛል?» ብለው ተቀመጡ።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በእኛ 22 መሥመር ውስጥ የለም። በጽሑፋችን ውስጥ የተጻፈ ውሸት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አያታችን በውስጡ አልነበሩም።

እስኪ ከሙሾው ውስጥ ሁለቱን ነገሮች፣ ፈትሉንና እንሰቱን፣ ቀረብ ብለን እንያቸው።

የጋሞ ሸማኔ፣ ይልቁንም የዶርዜ ሸማኔ፣ በአገራችን የታወቀ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ጋቢ የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በጋሞ ልማድ ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ሥራ ነው። ጥጥ በደጋው አይበቅልም፤ ከቆላ መጥቶ በገበያ ይገዛል። ከዚያ ወዲያ ፍሬውን በመዳመጫ የምታወጣው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት የምትፈትለው፣ ልቃቂቱንም ለሸማኔው የምታደርሰው ሴቲቱ ናት። የፋብሪካ ክር ከመጣ ወዲህ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ነው፤ የጥሩ ጋቢ ማግ ግን ዛሬም የእጅ ፈትል ነው። ድር ያለ ማግ ልብስ እንደማይሆን ማንም ያውቃል፤ ይሁን እንጂ ጋቢውን የለበሰ ሰው «ማን ሠራው?» ቢል የሚጠራለት የሸማኔው ስም ነው። ማጉን ማን ፈተለችው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

አያታችን በማክሰኞና በቅዳሜ የጨንቻ ገበያ ልቃቂት እየሸጡ የወላጆቻችንን ደብተርና እርሳስ ይገዙ እንደ ነበር አሁን ከአጎታችን ጠይቀን ተረድተናል። እንግዲህ በጽሑፋችን «መምህር»፣ «ነርስ» እያልን የዘረዘርናቸው ሁሉ ከዚያ እንዝርት የወጡ ናቸው። የወጡትን ቆጠርን፤ እንዝርቱን ዘለልነው።

እንሰቱም እንዲሁ ነው። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ መሆኑ በመጻሕፍት ይነበባል። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከደረሰም በኋላ እንደ በቆሎ ሸልቅቀው የሚበሉት ነገር አይደለም። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበራል፣ እስኪብላላ ለሳምንታትና ለወራት ይጠበቃል፤ ቆጮውና ቡላው፣ ቃጫውም የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የትኛው ዓይነት ቡላው እንደሚበዛ፣ የትኛው ለተሰበረ አጥንት እንደሚሰጥ፣ የትኛው በሽታ ሲገባ ቶሎ እንደማይጠወልግ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። ከመካከላችን አንዷ እርሻ ነክ ትምህርት ትማራለች። ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ በክፍል ውስጥ ተምራ ፈተናውንም አልፋለች፤ ሆኖም በአያታችን ጓሮ ካሉት የእንሰት ዓይነቶች የሦስቱን ስም እንኳ አታውቅም። ይህን የጻፍነው በእርሷ ፈቃድ ነው።

ታዲያ ለምን አላወቅንም? «ሩቅ ስለ ነበርን» ብለን እንዳናመካኝ ያለው 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚማሩት ጓደኞቻችን ቢያመካኙ መንገዱ ይመሰክርላቸዋል፤ እኛ ግን ከግቢያችን ቀና ስንል የምናየው የእርሳቸውን ተራራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ፣ እንወጣ ነበር። ለመስቀል ስንወጣ የምናገኛቸው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ቅቤ አውጥተው ነው። በጋሞ አገር ለመስቀል ወንዱ ለበሬው፣ ሴቷ ለቅቤው መቆጠቧ የቆየ ልማድ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሥጋውን በዳጣ በልተን፣ «ዮ ማስቃላ» ተባብለን፣ ከእርሳቸው ጋር ፎቶግራፍ ተነሥተን እንወርዳለን። በስልካችን ውስጥ ከእርሳቸው ጋር የተነሣነው ፎቶግራፍ በመቶ ይቆጠራል፤ ድምፃቸው ግን አንድ ደቂቃ እንኳ የለም።

ከዚህ የባሰ አንድ ነገር እንናዘዝ። አያታችን በመጣን ቁጥር «ምን እየተማራችሁ ነው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። እኛም እየሣቅን፣ «አይገባዎትም እማማ፤ ከባድ ነው» እንላቸው ነበር። እርሳቸውም ሣቅ ብለው ዝም ይሉ ነበር። እርሳቸው ስለ እኛ ሥራ ለማወቅ የጠየቁትን ያህል እኛ ስለ እርሳቸው ሥራ አንድ ቀን አልጠየቅናቸውም። ብንጠይቃቸው ኖሮ «አይገባችሁም» የሚሉን አይመስለንም፤ እንዝርቱን በእጃችን ላይ ያስቀምጡልን ነበር። አሁን ሲያልፉ ሙሾ እናውርድ ብንል «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ ደረሰ።

አንድ አረጋዊ ሲሞት ቤተ መጻሕፍት እንደ ተቃጠለ ይቆጠራል የሚለውን አነጋገር ሁላችንም ሰምተናል። ማሊያዊው አማዱ ሃምፓቴ ባ በ1960 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ጉባኤ ላይ ይህን የመሰለ ቃል ከተናገሩ ወዲህ በየመድረኩ ይደጋገማል። አነጋገሩ ያምራል፤ እኛ ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል እንላለን። እንዲህ ሲባል ጥፋተኛው እሳቱ፣ ማለት ሞት፣ ብቻ ይመስላል። ሞትማ የታወቀ ነው፤ ቀጠሮውን አዛብቶ አያውቅም። ጥፋቱ ቤተ መጻሕፍቱ ለ85 ዓመት በሩን ከፍቶ ሲቀመጥ አንድም አንባቢ ያለመግባቱ ነው።

የጠፋውን ነገር ልክ ለመረዳት የሚሻ ከዚሁ ከጋሞ ደጋ አንድ ምስክር እንጥራለት። በ2004 ዓ.ም. ሞታ በተባለው ዋሻ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ4500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ዐፅም አገኙ። ስሙንም «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ ታላቅ፣ በኵር ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የዘር ቅንጣቱ ተነብቦ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ከአፍሪካ ጥንታዊ ዐፅም የዘር ቅንጣቱ በሙሉ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ስለ ነበር ዓለም ተደነቀ። እኛም በዚያ እንኮራለን። ነገር ግን ባይራ ሲቀበር ማን አለቀሰለት? በምን ቋንቋ? እናቱ ማን ትባል ነበር? ይህን አጥንቱ ሊናገር አይችልም። እነሆ፣ የእኛ አያት የሞቱት በዚህ ዘመን ነው። እኛ ማንበብና መጻፍ የምንችል፣ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ በኪሳችን የያዝን ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳለን፣ እናታቸው ማን ይባሉ እንደ ነበር ለማወቅ የጎረቤት ሙሾ አስፈለገን። ባይራን ያላወቅነው 4500 ዓመት ስለ ለየን ነው፤ አያታችንን ያላወቅነው ስላልጠየቅን ነው።

ሌሎች ግን ጠይቀዋል። ጁዲት ኦልምስቴድ የተባሉ አሜሪካዊት ከጋሞ ደጋ አንዲት የአካባቢ መሪ ስለ ነበሩ ሴት ሕይወት ሙሉ መጽሐፍ ጽፈው በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በዶርዜ፣ ማርክ አቤሌስ በኦቾሎ፣ እንግሊዛዊቷ ዲና ፍሪማን በዶኮ ተቀምጠው፣ ከሕዝቡ ጋር ኖረው ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ባሕር ተሻግረው መጥተው፣ ቋንቋውን ተምረው፣ ከእሳት ዳር ተቀምጠው ጠየቁ። እኛ የእሳቱ ዳር ልጆች ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ስንጽፍ ስለ አገራችን የምንጠቅሰው እነርሱን ነው። ከራሳችን ወገን በጨንቻ የተወለዱት፣ በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር ያረፉት አቶ አሰፋ ጫቦ «የትዝታ ፈለግ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ትውልድ አገራቸው ትዝታቸውን በአማርኛ ጽፈው ትተውልናል። እርሳቸውን የመሰለ ጸሐፊ ሁሉም መንደር አያገኝም፤ ይሁን እንጂ አንድ ደብተር የሚሞላ ተማሪ ዛሬ የሌለው መንደር ጥቂት ነው።

ይህን ሐሳባችንን በመኝታ ክፍላችን ስንወያይበት ሁለት ተቃውሞ ቀረበብን። ሁለቱም ሳይመለሱ የሚታለፉ አይደሉም።

አንደኛው ጓደኛችን እንዲህ አለ፦ «አገሪቱ ስንት ችግር አለባት! ሥራ አጥነት አለ፣ የኑሮ ውድነት አለ፣ ጦርነት አለ። እናንተ የአሮጊት ተረት ሰብስቡ ትሉናላችሁ።» መልሳችን ይህ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ተነሥቶ ነበር። ያን ቀን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበርክከው መለሱት፤ አገር ሁሉ አይቶ አጨበጨበ። ያ ሣር በዚያ ቀን አልተፈለሰፈም። በየሰፈሩና በየጓሮው፣ ማንም ካሜራ ይዞ ባልቆመበት፣ እንደ አያታችን ባሉ ሰዎች እጅ ሲሠራበት የኖረ ነው። በዱቡሻ አደባባይ በልማድ የሚናገረው ወንድ ስለ ሆነ የሴቶቹ ድርሻ በወሬ እንኳ አይነሣም። እንግዲህ የአገር ችግር የሚፈታበት ዕውቀት ከዚያ ጓሮ ውስጥ ካለ፣ ጓሮውን መጠየቅ ከአገር ችግር መሸሽ ነውን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመካከላችን፣ ከራሷ ከእኅታችን የመጣ ነው፤ ከበድ ያለም ነው። «አያታችንን ስታመሰግኑ ድካማቸውን አታመስግኑ» አለችን። «ወገባቸውን ያጎበጠው እንሰት መፋቅ ነው፤ ዐይናቸውን ያደከመው በኩራዝ መፍተል ነው። አንድ ቀን መፋቂያውን ብይዘው ከእጄ ቀምተው፣ እኔ የፋቅሁት ይበቃል፤ አንቺ ተማሪ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው።» እውነቷን ነው። ወንዶች ልጆች ደግሞ ሴቶች የተሸከሙትን ሸክም ባህል ነው እያልን ማሞገስ ይቀናናል። እኛ ሴቶች እኅቶቻችን ተመልሰው ኩራዝ ሥር ይቀመጡ አላልንም፤ የሚልም ቢኖር አያታችን ራሳቸው በበትር ያባርሩት ነበር። የምንለው ሌላ ነው። ሸክሙን ለማቅለል የሚነሣ የምሕንድስናም ሆነ የእርሻ ተማሪ፣ ሸክሙ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ከተሸካሚዋ መጠየቅ አለበት። «አንቺ ተማሪ» የሚለውም ቃል ራሱ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ የመጀመሪያው መሥመር መሆን የሚገባው ነበር፤ እኛ ግን «ደግና እንግዳ ተቀባይ» ብለን ጻፍን።

ስለዚህ እፍረታችንን ለፍሬ እንዲሆን ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መጪው የክረምት ዕረፍት ሲደርስ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ደብተር ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ የአያቱን እናት ስም ይጠይቅ። ቀጥሎም በእጃቸው ምን ይሠሩ እንደ ነበር፣ ከማን እንደ ተማሩት፣ ለማን እንዳስተማሩት ይጠይቅ። ዘመኑን በቁጥር ለማያውቁት፣ «ጣሊያን ሲወጣ፣ መሬት ላራሹ ሲታወጅ፣ ደርግ ሲወድቅ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። አዋጁ በ1967፣ የደርግ መውደቅ በ1983 ዓ.ም. ነውና ቁጥሩን እኛ እንሞላዋለን። ቋንቋቸውን የማይችል እንደ እኛ ያለ ተማሪ በመንደሩ ያለውን ታናሽ ወንድሙን አስተርጓሚ ያድርግ፤ እፍረት የለውም፤ እፍረቱ በቀብር ቀን ማድረጉ ነው።

ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ማኅበራችን የእነዚህን ደብተሮች ግልባጭ ተቀብሎ የሚያኖርበት አንድ ሣጥን ያዘጋጅ። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። አንድ ሣጥን፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ተማሪ ይበቃል። ባለቤቶቹ ካልፈቀዱ አይታተም፤ የሰው ምስጢር የሰው ነው።

ሦስተኛ፣ የሕይወት ታሪክ የሚባለውን ገጽ ለሬሳ ብቻ ማንበባችን ይቅር። ባለቤቱ ሊያርመው በማይችልበት ቀን የሚነበብ ታሪክ እንደ እኛው ጽሑፍ መስከረም 1 ቀን የተወለደ ይሆናል። በመስቀል ቤተ ሰብ ሁሉ ሲሰበሰብ፣ ከአዲስ አበባ ያለውም ሸማኔ ሲገባ፣ አያት በመካከል ተቀምጠው ይነበብላቸው። «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» ብለው ይቈጡ፣ ይሣቁ፣ ያርሙት።

አያታችን የነበሩበት ቤት በቀርከሃ የተሠራ የዶርዜ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ ረጅም ነው፤ ከዓመት ዓመት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ግን ዝቅ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ጣራው ስለማይነካ ከሩቅ የሚያይ ሰው አያስተውለውም፤ በበሩ ጐንበስ ብሎ የሚገባ ብቻ ያውቀዋል። እኛ በየመስቀሉ ከፊቱ ቆመን ፎቶግራፍ ስንነሣ ቤቱ ስንት ክንድ እንደ ወረደ አላየንም፤ የባለቤቲቱንም እንዲሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ላይ ወጥተን ነበር፤ በዚህ ጊዜ በዓል አልነበረም። ሙሾ ወዳወረዱት እናት ቤት ቡናና ስኳር ይዘን ገባን። የአጎታችን ልጅ አስተርጓሚያችን ሆኖ በመካከላችን ተቀመጠ። ደብተሩን ስናወጣ አሮጊቷ ፈትላቸውን አቆሙና ጠርጠር ብለው አዩን።

«ስሞት ልታነቡት ነው?» አሉን።

«የለም እማማ፤ ለመስቀል ነው፤ እርስዎ ባሉበት» አልናቸው።

ጥቂት አሰቡና አመልማሎውን እንደገና አነሡ። «እንኪያስ ጻፉ» አሉ፤ «እናቴ ማን ትባል እንደ ነበር ልንገራችሁ።»